ጨንቻ ላይ ያልደረቀው ወለል

ሴራሚክ የሚባል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ስይዝ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከጨንቻ ወርጄ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ የቀን ሥራ እሠራለሁ። የቀን ሥራ ለሴት ልጅ አሸዋ መሸከም፣ ውሃ መቅዳት፣ ድንጋይ ማቀበል ነው። የዚያን ዕለት ካርቶን ተሸክሜ ፎቅ እንዳወጣ ታዘዝኩ። ካርቶኑ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ሳነሣው ግን ወገቤ ተንቋቋ።

"ኧረ ምንድነው ውስጡ? ብረት ነው?" አልኩ ፎቁ ላይ ስደርስ።

አንድ አጠር ያለ ሰውዬ ተንበርክኮ ወለሉን ይጠርጋል። ቀና እንኳን ሳይል፣ "አፈር ነው" አለኝ።

"አፈር እንዲህ ይከብዳል እንዴ?"

"እሳት ያየ አፈር ነው። እንዳትጥዪው፣ ቂም ይይዛል።"

ያ ሰውዬ ጋሽ ዘውዴ ነው። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። መጀመሪያ አካባቢ "አንቱ" ስለው፣ "ማን ሞተና ነው አንቱ የምትዪኝ?" ብሎ ሳቀብኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንተ ነው ያልኩት። አሁን ጉልበቴ ከዚህ በላይ አልንበረከክም ብሎ እኔም ሥራውን ካቆምኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ "ምን ስትሠሪ ነው ጉልበትሽ እንዲህ ያለቀው? ስግደት ታበዣለሽ?" አለኝ። "አዎ፣ ሲሚንቶ ላይ" አልኩት። ቤት መዋል ስጀምር ነው ይሄን ሁሉ ማሰብ የጀመርኩት። ሥራ ላይ እያለሁማ የማስበው ነገ የትኛው ግድግዳ እንደሚጠብቀኝ ብቻ ነበር።

ጋሽ ዘውዴ ከመሸከም ወደ ማቀበል፣ ከማቀበል ወደ መንከር አሳደገኝ። መንከር ቀላል ይመስላችኋል። አርባ ምንጭ ላይ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሙቀታችንን ታውቁታላችሁ። ደረቁን ሴራሚክ ድብልቁ ላይ ስታስቀምጡት የሲሚንቶውን ውሃ እንደጠማው በሬ ምጥጥ ያደርገዋል። ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይደርቃል፤ ሳምንት ሳይቆይ ሴራሚኩ ይለቃል። ስለዚህ አስቀድሞ በርሜል ውስጥ ይነከራል። ከጀርባው አረፋ እየተንጫጫ ይወጣል፤ አረፋው ሲያቆም ጠገበ ማለት ነው። ጋሽ ዘውዴ በርሜሉ ላይ ጆሮውን ደፍቶ ያዳምጥና፣ "ገና ነው፣ እየጠጣ ነው፣ ምን አስቸኮለሽ" ይለኛል።

ሌላው ልማዱ በር ላይ መቆም ነበር። አዲስ ክፍል ሲሰጠው ሲባጎ ሳይወጥር፣ ውሃ ልክ ሳያስቀምጥ፣ መጀመሪያ ደፉ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ያያል። ባለቤቱ "ይሄ ሰውዬ ሥራ ሊጀምር ነው ወይስ ሊከራይ?" እስኪል ድረስ ያያል። "ሰው ክፍሉን መጀመሪያ የሚያየው ከበር ሆኖ ነው" ይለኝ ነበር። "ሙሉውን ለዓይን ስጪ፣ ቁራጩን ለበር ጀርባ።" እስከመጨረሻው ቀን ድረስ የሠራሁት በዚህ ነው። የቆራረጥኩትን ለማየት የሚፈልግ ሰው በሩን ዘግቶ ጀርባውን ማየት አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን የማልረሳው ማንኳኳቱን ነው። ለጥፎ ሲያበቃ ዓይኑን ጨፍኖ በሲሚንቶ መለጠፊያው ካዞላ እጀታ እያንዳንዷን ያንኳኳል። ሥሯ በደንብ የሞላው "ድም" ትላለች። ሥሯ ባዶ የሆነው "ቋ" ትላለች። "ቋ" ያለችውን እዚያው ይነቅላታል። አሠሪው ቢያይ ባያይ፣ ሰዓቱ ቢሄድ ባይሄድ ግድ የለውም።

ምሳ ላይ እኛ ሠራተኞች አንድ ትሪ ስንከብ እሱ ራቅ ብሎ በራሱ ሳህን ይበላል፤ የሚጠጣውም በራሱ ኩባያ ነው። "ጋሽ ዘውዴ፣ ና እንጂ!" ስንለው፣ "እኔ ቀስ ብዬ ነው የምበላው፣ እናንተ አንበጦች ትጨርሱብኛላችሁ" ይላል። እንስቃለን። ንጽሕና የሚወድ ሰው ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ብቻዬን የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ ሲቀላ ገበያ አጠገብ የአንድ ነጋዴ ቤት ነበር። ሐጂ ነበር የምንላቸው። ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት ቦታ እንዲሠራላቸው ፈልገዋል። ጋሽ ዘውዴ ሌላ ቦታ ተይዞ ስለነበር እኔን ላከኝ። ሐጂ ሲያዩኝ ወደ ኋላዬ አጮለቁ።

"ሠራተኛውስ?"

"እኔ ነኝ፣ ሐጂ።"

"ላ ኢላሀ ኢለላህ" ብለው ገቡ።

የመታጠቢያ ወለል አስቸጋሪነቱ ተዳፋቱ ላይ ነው። ብዙ ካዘነበላችሁት ሰው ያንሸራትታል፤ ካሳነሳችሁት ውሃው ያቁራል። ያንን ወለል ስሠራ ሁለቴ ነቅዬ ሁለቴ ለጠፍኩ። ስጨርስ ሐጂ ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡና ከበሩ ጥግ ውሃ አፈሰሱ። ውሃው ትንሽ አመነታ። ከዚያ ቀስ ብሎ እየተንደረደረ ጉድጓዱን አገኘ። "ታዘዘሽ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ የወንድሞቻቸውን ቤት በሙሉ የሠራሁት እኔ ነኝ። የቀረው ገበያተኛም በእሳቸው ምክንያት አመነኝ። ክፍያዬም እየተስተካከለ ሄደ። ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ግን የክፍያ ወረቀቱ እስከመጨረሻው "የቀን ሠራተኛ" ነው የሚለኝ። እሱን ልተወው።

በሼቻ በኩል ሐይቁን የሚያዩ ሆቴሎች ላይ ሠርቻለሁ። ክሊኒክ ሠርቻለሁ፤ ከሰሜን የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ቤት ሠርቻለሁ። እሳቸው እኔ ስንበረከክ ወንበር ስበው ይቀመጡና ወንዱንም ሴቱንም የሚቀላቅለውን አማርኛዬን ያርሙኛል። "ሴራሚኩ ቀጥ ብሏል፤ አንቺ ነሽ የቀረሽው" ይሉኝ ነበር። ላንቴ ድረስ ሄጄ የሙዝ ነጋዴ ሳሎን ሠርቻለሁ። ይሄ ሁሉ ሥራ ግን አንዱን የጨንቻ ወለል አያህልም።

ወንድሜ አይዛ የቤታችን በኩር ነው። በእኛ አገር በኩር ማለት አባት ካለፈ በኋላ አባት ማለት ነው። የቤተሰቡ ወግ፣ በረከቱም ሆነ መርገሙ፣ በእሱ በኩል ያልፋል። ሥራው ሽመና ነው። የአባታችን የቀርከሃ ቤት አጠገብ ቆርቆሮ ቤት ሠራና ደወለልኝ።

"እህቴ የከተማውን ወለል ሁሉ እያበራች የእኔ ቤት አፈር ሊሆን ነው?"

"መቼ ነው የምትፈልገው?"

"ለመስቀል ነዋ! ዘመድ ሁሉ የሚመጣው መቼ ነው?"

ሳሎኑ ሰፊ ስለሆነ ብቻዬን ለመስቀል አልደርስም። ጋሽ ዘውዴን ለመንኩት። "መንደራችሁ የት ጋ ነው?" አለ። ነገርኩት። "ብቻሽን አትችዪም?" አለ። "አልደርስም" አልኩት። "በቃ እሺ" አለ። ሴራሚኩን አይሱዙ ላይ ጭነን ወጣን። ሌላ ጊዜ መንገድ ላይ ሾፌሩን ሳይቀር የሚያስቅ ሰው፣ ያን ቀን ፊቱን ወደ ጉሙ አዙሮ ሄደ።

አይዛ በደንብ ተቀበለው። ወለል የሚሠራለት ባለሙያ ነዋ! ከአንድ ገበታ በሉ፤ አይዛ በእጁ አጎረሰው። በማግስቱ ሥራ ስንጀምር አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ብርድ ልብስ ደርበው መጡና በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ በጋሞኛ፣ "አንተ የማን ልጅ ነህ?" አሉት። ደጋ ላይ ይሄ ጥያቄ ሰላምታ ነው፤ ሁሉም ይጠየቃል።

ጋሽ ዘውዴ ካዞላውን ጠረገ። "እናቴ ማሰሮ ትሠራ ነበር" አለ። "ከወንዙ ማዶ ነው ቤታችን የነበረው።"

ሽማግሌው ዞረው ወደ አይዛ ሄዱ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በእኛ ደጋ ሸክላ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር አይበሉም፣ አይጋቡም፣ ቤትም አያስገቧቸውም ነበር። ማሰሮውን ይገዛሉ፤ የሠራችውን ሴት ደጅ ላይ ያቆማሉ። አሁን ቀርቷል የሚል አለ። ቀርቷል የሚለውን ሰው ልጅህን ትድርላቸዋለህ ብላችሁ ጠይቁት። ይሄን የተላለፈ ሰው ጎሜ ይይዘዋል ይባላል። ጎሜ ክልክል ነገር ሲደረግ የሚመጣ ጦስ ነው። ከብት ይሞታል፣ ልጅ ይታመማል፣ ቤት አይቀናም። በኩር ላይ ሲሆን ደግሞ ለዘመድ ሁሉ ይተርፋል።

የዚያን ቀን ምሳ ለጋሽ ዘውዴ ውጭ ወጣለት። ዕቃ እንዳይነካ በኮባ ቅጠል ላይ ነበር። እኔም ምሳዬን ይዤ ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"አንቺ፣ ግቢ!" አለ አይዛ ከውስጥ።

"እዚህ ይሻለኛል፣ ፀሐይ አለ።"

"የምን ፀሐይ? በጉም?"

ጋሽ ዘውዴ ሳቅ አለ። "ግቢ፣ ልጄ። እኔ ለዚህ አዲስ አይደለሁም።" ያን ጊዜ ነው የሳህኑና የኩባያው ነገር የገባኝ። ስንት ዓመት አብሬው ሠርቼ።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

"እሺ ለሽማግሌው ለምን አልዋሸህም? ከወላይታ ነኝ ብትል ምን ነበረበት?"

"ሲቀላ ላይ ስሜን ቀይሬያለሁ" አለ። "ዘውዴ ብሎ ያወጣልኝ ሰው የለም፤ እኔው ነኝ ያወጣሁት። እዚህ ግን እናቴ የተቀበረችበት ነው። እሷ እየሰማች አልዋሽም።"

ሥራውን ጨረስነው። አይዛ "ይቁም" አላለም፤ መስቀል ደርሶበታል። እኛም እንደለመድነው ሠራን። ሴራሚኩን በርሜል ውስጥ ውሃ አጠገብነው፣ ድብልቁን አላላነው፣ ክፍተቱን በቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ሞላነው። ጋሽ ዘውዴ ዓይኑን ጨፍኖ አንኳኳ፤ ሁሉም "ድም" አለ። "ከነገ ወዲያ ርገጡት" ብሎ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። አርባ ምንጭ ቢሆን ከነገ ወዲያ መኪና ይነዳበት ነበር።

እኔ ለበዓሉ ቀረሁ። ዘመድ ከየአቅጣጫው መጣ። ሰው ሁሉ ወለሉን አይቶ ጫማ እያወለቀ ገባ፤ አይዛ ደረቱ ተነፋ። ከዚያ ዘፈኑ ተጀመረ። የእኛን ጭፈራ ካያችሁ ታውቃላችሁ፤ ምድር ላይ ነው የሚጨፈረው፣ ተረከዝ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ከበሮው ሥር "ቋ" አለ። ደግሞ "ቋ፣ ቋ"። ሰዉ እየዘለለ ወለሉ ከሥሩ ይነጋገራል። መሐል ላይ አንዷ ለሁለት ተሰነጠቀች። ሌላዋ ከአንድ ጎረምሳ ተረከዝ ጋር ተጣብቃ ተነሣች። አንድ ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ጎረቤት ግን እጃቸውን አነሡና ዘፈኑ ቆመ።

"ጎሜ ነው" አሉ።

ሁሉም አይዛን አየ፤ አይዛ እኔን አየኝ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ የወለል ነገር መሆኑ ቀረ። ወለሉ ያልያዘው ሲሚንቶው አስቸግሮ ከሆነ ይጠገናል። በጋሽ ዘውዴ ደም ምክንያት ነው ከተባለ ግን ማን ቤቱን ይሰጠዋል? ሲቀላ ላይ ቤት ከሚያሠሩት ግማሾቹ የደጋ ሰዎች ናቸው፤ ወሬ ደግሞ ከአይሱዙ ቀድሞ ነው የሚወርደው። ያ ሰው ከሥራው ሌላ ምንም የለውም።

አይዛ በማግስቱ ወለሉ ተነቅሎ ገደል እንዲጣል፣ በግ ታርዶ ቤቱ እንዲነጻ ወሰነ። "ሰውዬው ይምጣና ይይ፣ ከዚያ የፈለግከውን አድርግ" ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ለእህትነቴ ብሎ እሺ አለ። ደወልኩ። ጋሽ ዘውዴ "ምን ድምፅ ነው ያወጣው?" ብቻ ነው ያለኝ። ነገርኩት። በመጀመሪያው መኪና መጣ።

የግቢው በር ላይ ቆመ። አይዛ ግባ አላለውም።

"አልገባም፣ አይዛ" አለ። "እሷ አንዷን ነቅላ ታምጣልኝ።"

ሄጄ አንዷን አነሣሁ። መንቀል እንኳን አያስፈልግም ነበር፤ በእጄ ወጣች። ጋሽ ዘውዴ ጀርባዋን አየ፣ በአውራ ጣቱ ፈቀፈቀ። ሲሚንቶው እንደ እርጥብ ዱቄት ተነሣ። ጣቱን ለአይዛ አሳየው።

"ክር ትነክራለህ አይደል? ለጥለቱ?"

"እነክራለሁ" አለ አይዛ፣ የት ሊያደርሰኝ ነው እንደሚል ሰው።

"በመስከረም ነክረህ ሰቅለኸው መቼ ነው የምትሸምንበት?"

"በመስከረም? እዚህ?" አይዛ ሥራው ሲነሣበት ዝም ማለት አይችልም። "ጉሙ ሳይነሣ ማን ይሸምንበታል! ያዝ ስታደርገው የደረቀ ይመስልሃል፤ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። ሸምነህበት ብትሸጠው ገዢው ያሳድድሃል።"

"ነጋዴው አርባ ምንጭ ወስዶ ቢሰቅለውስ?"

"እዚያማ እስክትዞር ይደርቃል።"

"በቃ። እኔ የአርባ ምንጭን ወለል ጨንቻ ላይ ሠራሁልህ" አለ ጋሽ ዘውዴ። "ሴራሚኩን ውሃ አጠጣሁት፤ አየሩም ውሃ ነው፤ ድብልቁም ውሃ ነው። ውሃው የት ይሂድ? ከዚያ ከነገ ወዲያ ጨፍሩበት አልኳችሁ።"

አይዛ ሴራሚኳን ተቀብሎ እሱም ፈቀፈቀ። አሸተታት ሁሉ። ቆይቶ፣ "ሽማግሌዎቹ ጎሜ ነው ብለዋል" አለ። ድምፁ ግን እንደ ትናንቱ አልነበረም።

"ጎሜስ ሊሆን ይችላል" አለ ጋሽ ዘውዴ። "የደጋ ልጅ ሆኖ ብርድን የረሳ ሰው ጎሜ ካልያዘው ማንን ሊይዝ ነው?"

አይዛ ሳቁ በአፍንጫው አመለጠው። አፈረና ወዲያው ፊቱን አጠቆረ።

"ታዲያ ማን ነው የሚያስተካክለው?"

"እኔ ነኛ።"

"ሽማግሌዎቹ ምን ይሉኛል?"

"ሽማግሌዎቹ ሴራሚክ ይለጥፋሉ?" አልኩ እኔ።

"ዝም በይ አንቺ! ወንድምሽ ነኝ፣ ጎረቤቶቼ ደግሞ እነሱ ናቸው፤ አንቺ ነገ ትወርጃለሽ።" ይሄን ሲል እውነቱን ነበር። ሴራሚኳን በእጁ እያገላበጠ ብዙ ቆየ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለጋሽ ዘውዴ፣ "መቼ ትመጣለህ?" አለው።

"ጉሙ ሲነሣ።"

በጉን ግን አረደ። ጥፋቱ የጉሙም ይሁን የጎሜው፣ አይዛ ሁለቱንም በር መዝጋት የሚወድ ሰው ነው።

በታኅሣሥ፣ ፀሐዩ ደረቅ ሲሆን፣ ተመለስን። ጋሽ ዘውዴ ሥራውን እንደ አዲስ ተማረው። ሴራሚኩን አልነከርነውም፤ ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ብቻ አደረግን። ድብልቁን በእጅ ስትጨብጡት ቅርጹን የሚይዝ፣ ውሃ የማይተፋ አደረግነው። ቀን ቀን በሩን ለፀሐይ ከፈትን፣ ብርዱ ሳይገባ ዘጋን። "መቼ ነው የሚረገጠው?" ብሎ አይዛ ሲጠይቅ ጋሽ ዘውዴ፣ "እሱን አንተ ታውቃለህ፤ እንደ ክርህ እየው" አለው። አይዛም ሸማውን ደጅ ላይ እየሠራ በሩን ጠበቀ። እናታችንን እንኳን አላስገባም። "ልጄ፣ ነጠላዬ ውስጥ ነው" ስትለው፣ "አዲስ እሠራልሻለሁ" አላት። አንድ ቀን የሽመና መወርወሪያውን ይዞ ገባና ወለሉን ራሱ በመወርወሪያው ከዳር እስከ ዳር አንኳኳ። አንድም "ቋ" ያለ አልነበረም።

ምሳ ግን ያኔም ውጭ ነበር፣ ያኔም በቅጠል ላይ። ይሄንን ሸፍኜ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ከዚያ ወዲህ የትም ስሄድ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ጠዋት ጉም አለ ወይ የሚል ሆነ። ደጋ ላይ ሌላ እጅ፣ ቆላ ላይ ሌላ እጅ ያስፈልጋል። ቆላው ጫኖ ላይ የሠራችውን እጅ እንዳለች ጨንቻ አትወስዷትም። ከእኔ የተማሩትንም ልጆች መጀመሪያ የማስተምራቸው ይሄን ነው፤ መቁረጡ በኋላ ይደርሳል።

በሚቀጥለው መስቀል የመንደሩን ቅርጫ የሚሰበስበው አይዛ ነበር። ከብቱን አብረው ከሚገዙት፣ ሥጋውንም ከሚከፋፈሉት ሰዎች ጋር የጋሽ ዘውዴን ስም ጨመረ። ማንንም አላማከረም፤ ለእኔም አልነገረኝም። ሽማግሌው ጎረቤት ይሄን ሲሰሙ ከቅርጫው ወጡ፤ ተከትለዋቸው ሌሎችም ወጡ። ለበሬ የሚበቃ ሰው አልቀረም። አይዛ ገበያ ወጥቶ ወይፈን ገዛ። አርዶ፣ መድቦ፣ ለቀሩት ካደለ በኋላ የጋሽ ዘውዴን ድርሻ ተሸክሞ በአይሱዙ ሲቀላ ወረደ። ጋሽ ዘውዴ ቤት ገባ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ባለቤቱ ያቀረበችውን ከአንድ ገበታ በላ፤ ከዚያ የመጨረሻው መኪና ሳያመልጠው ወደ ጨንቻ ተመለሰ።